አምስተኛው ቀይ ክር

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካንገት በላይ አይደለም። ከነጉልበት ሕመምሽ፣ ከነስፌት መኪናሽ እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽስ መርፌ ላይ ክር ማስገባቱን እሺ አለሽ ወይስ አሁንም ጎረቤት ትለምኛለሽ? እኛ ደህና ነን። ከወገቤ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ እሱንም ለምጄዋለሁ።

እሑድ ዕለት ልጄ እጄን ይዛ ሙዚየም ወሰደችኝ። የዚያ አምና የሞተው ስመ ጥር የሮክ ዘፋኝ የዕድሜ ልክ ዕቃ ተሰብስቦ ለሕዝብ እየታየ ነው። እኔማ «የአንድ ጯሂ ሰውዬ ጫማ ለማየት ነው ጫማዬን የምጨርሰው?» እያልኩ እየተነጫነጭኩ ነው የገባሁት። አንቺም ከዚህ የተሻለ አትዪም፤ ዘፈኑ ገና ሲጀምር ተነስተሽ ሬዲዮኑን የምትዘጊው ነገር መቼም አይረሳኝም።

ጊታሩን አየን፣ የተሰባበረውን ከበሮ አየን። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ውስጥ፣ ጥቁር የከፋይ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ገበሩ እንዲታይ ደረቱን ከፍተውታል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ልጄ አነበበችልኝ፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለዚህ ጃኬት መድረክ ወጥቶ አያውቅም፤ የሰፋው ሰው አይታወቅም ይላል።

እኔ ግን ዓይኔ ኮሌታው ውስጥ ቀረ። ድሮ እጥበት ላይ ልብሳችን እንዳይቀያየር በቀይ ክር ምልክት ታደርጊልን አልነበር? አንድ ለአባባ፣ ሁለት ለእማማ፣ ሦስት ለራስሽ፣ አራት ለእኔ። እዚያ ኮሌታ ላይ ግን፣ እታለም፣ አምስት ነው። ደጋግሜ ቆጠርኩት። አፍንጫዬ መስታወቱን ነክቶ ኖሮ ጠባቂው «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አለኝ። ልጄ ደግሞ በእፍረት «እማዬ፣ ልትገዢው ነው እንዴ?» ትለኛለች።

አጠገቡ ዝና ሳያገኘው የተነሳው ፎቶ አለ። ከሲታው! ያ አንዷን ቁልፍ አራት ጊዜ እያስተከለ የሚመላለስብሽ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ «ከሲታው መጣ!» እያልኩ የምጮህበት። ከተማውን ለቆ የሄደበት ዓመትም ተጽፏል። እማማ የሞተችበት ዓመት ነው። አባባ ከእሷ ቀድሞ ሞቶ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአንቺ በቀር ሰው አልነበረኝም።

አምና እሱ የሞተ ሰሞን ጉንፋን ነው ብለሽ ሳምንት ሙሉ ሱቅሽን ዘግተሽ ነበር። እኔ ሞኟ ሾርባ ይዤ መጥቼ የዓይንሽን ማበጥ ለጉንፋኑ ሰጠሁት።

ጠባቂው «የሚያውቁት ነገር አለ እንዴ?» ቢለኝ የለም አልኩት። ምስጢሩ የእኔ አይደለማ። ለልጄም አልነገርኳትም።

እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ልውሰድሽ? ደረጃ የለውም፣ ጉልበትሽ አይጎዳም። ምንም አልጠይቅሽም። ወንበር አለ፣ አረፍ ትያለሽ፤ እኔ ወዲያ ማዶ ጊታሩን እያየሁ እቆያለሁ። አልመጣም ብትዪም አልቀየምሽም። ግን የአምስተኛው ክር ጫፍ ላልቷል። እነዚያ ሰዎች ትርፍ ክር መስሏቸው እንዳይመዙት ፈራሁ፤ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ከአንቺ በቀር የለም።

እኔን ያሳደጉትን እጆችሽን እግዜር ይጠብቅልኝ። ለእኔ ብለሽ የተውሽውን ሁሉ በጤና ይካስሽ።

ባለ አራት ክሯ ታናሽ እህትሽ