የአንድ ጣት መልስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዛሬ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሞላ።

አልተሳካም። ልጃችን ማርታ ለእናቷ የሠራችው ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ፊደሎቹን ተራ በተራ ያሳልፋል፤ ባለቤቴ ዘነበች የምትፈልገው ፊደል ሲደርስ ቁልፍ ትጫናለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ የሚታዘዛት አንድ ጣት ብቻ ነው። ተጫነች፤ ማሽኑ ዝም አለ። ለካ ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ «ኢንተር» የሚሉትን ቁልፍ ካልነኩለት የተጫኑትን አያይም። ያ ጣት ደግሞ ወደዚያ መሻገር አይችልም። ቦሌ ሚካኤል ሳለን የነበረኝ የጽሕፈት መኪና ሲመቱት ይጽፍ ነበር፤ ፈቃድ አይጠብቅም። ዘነበች ጩኸቱ ሲያስመርራት ግድግዳውን ታንኳኳብኝ ነበር።

ሐኪሙ አተነፋፈሷን አልወደደውም። ጉሮሮዋ ተቀድዶ ቱቦ ይግባ ይላል፤ እስከ ዓርብ ቁርጡን በጽሑፍ እንድናሳውቀው ይፈልጋል። ማርታ «እሷን እንጠይቃት» ብትለው፣ «ጣቷ የሚንቀሳቀሰው ያለ ፈቃዷ ይሆናል፤ መስማቷንም እጠራጠራለሁ» አላት። እኔ ይቀደድ ባይ ነኝ።

ረቡዕ

ማርታ ከአትላስ፣ ከመሥሪያ ቤቷ፣ ታክሲ ጠፍቶ ሲኤምሲ፣ እኛ ቤት፣ ስትደርስ መሽቶ ነበር። ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት እንዲታወቅ አስተካክላዋለች። ዘነበች ተጫነች። መስኮቱ በ«ጀ» ሞላ፤ ጀጀጀጀ፣ እስከ ታች ድረስ።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምሁ። የሐኪሙ ጥርጣሬ እውነት ነው፣ ሄዳለች አልሁ።

ማርታ ተከትላኝ ወጣች። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ጣቷን ቶሎ ማንሳት አቅቷት እኮ ነው። እሷ አንዴ ነው የተጫነችው፤ ደጋግሞ የቆጠረው ኮምፒውተሩ ነው።»

እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላት፣ «ካልሆነ ነገ ይስቁብኛል» አለች።

ሐሙስ

አሁን ኮምፒውተሩ ተከታትሎ የሚመጣውን ፊደል እንደ አንድ ይቆጥራል። ዘነበች ጀመረች። ጀ። ር። ባ። ዬ። ማርታ ዘላ ገለበጠቻት፤ አንሶላው ታጥፎ ጀርባዋን አቁስሎታል።

«ሌላስ፣ እማዬ?»

እጅግ ቆይታ «አባትሽ ግጥሙን ይተውልኝ» ብላ ጻፈች። ከታመመች ጀምሮ በየምሽቱ የራሴን ግጥም ሳነብላት ነበር። ማርታ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድም ግጥሜን ደህና ነው ብላኝ አታውቅም። ዘነበች ናት። አልሄደችም።

ዓርብ

ጥያቄውን ራሴ አቀረብሁላት። ጉሮሮዋ ቢቀደድ ትሰነብት ይሆናል፤ ባይቀደድ ጊዜው አጭር ነው። ሐኪሙ ያለኝን ሳልቀንስ ነገርኋት። ድምፄ ግን አድልቷል፤ «እሺ» እንድትል ለምኗል።

«አይቀደድ። ቤቴ ልሁን።»

ጣቷ ያለ ቦታው አርፎ ይሆናል ብዬ ማርታን እንደገና አስጀምሪው አልኋት። «አባባ፣ ሰምተዋታል እኮ» አለችኝ። አስጀመረችው ግን። ዘነበች ፊደል በፊደል ያንኑ ጻፈች፤ መጨረሻው ላይም ጨመረች፤ «ደከመኝ። አታስደግመኝ።»

ማርታ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ የእናቷን እግር ታሻለች።

ቃሏን ለሐኪሙ እንዳለ ገለበጥሁ፤ ከራሴ አንዲት ሐረግ አልጨመርሁም። ልጨምር ግን ብዕሬን ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ትክክል ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። ፈርሜ፣ አሽጌ፣ በማርታ እጅ ልኬዋለሁ።