የሸዋዬ መንደር ቁጥር

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 1978

ዛሬ ሁለት መቶ አሥር ስም ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባሁ። ጣቴ ደንዝዟል። ውጭ ከሐይቁ የሚመጣ ጥሩ ነፋስ ነበር፤ መስኮት መክፈት ግን ክልክል ነው። ማሽኑ እርጥበት አይወድም ይላል የማሽኑ ባለሙያ አስናቀ። የኛን የጠየቀ የለም...

አስናቀ አዲሱን የመገልበጫ ፕሮግራም አሳየኝ። አርብ አርብ ወደ ጳዌ የተወሰዱት ሰፋሪዎች ስም ዝርዝር በሙሉ ከማሽኑ ወደ ቴፕ ይገለበጣል። ማሽኑ አንድ ቀን ቢበላሽ ቴፑ አለ ማለት ነው። ማሽኑን ለማዘዝ ሦስት ፊደል መጻፍ ነው። ሲ፣ አዲስ ግልባጭ አዘጋጅ። ቪ፣ የገለበጥኸውን እየዘረዘርህ ንገረኝ። ኤፍ፣ የምትገለብጠው እዚህ ላይ ነው። ከኤፍ ቀጥሎ የቴፑ ስም ይመጣል።

«ለየብቻቸው፣ በየፊታቸው ሰረዝ እያደረግሽ ብትጽፊያቸው ይሆናል። አንድ ሰረዝ አድርገሽ ሦስቱን ብታጣብቂያቸውም ይሆናል» አለኝ። «ስታጣብቂያቸው ግን ኤፍ መጨረሻ ትሁን። ከኋላዋ የተጠጋትን ሁሉ ስም ነው ብላ ትወስደዋለች።»

«አሮጌው ለቅደም ተከተሉ ግድ አልነበረውም እኮ።»

«አሮጌው መጀመሪያ ፊደሎቹን ሁሉ ያነብና ከዚያ ነበር ስሙን የሚፈልገው። ይሄ እንደዚያ አይደለም።»

በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። እማማ የብርጓል በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከበለሳ ናቸው። መጠለያ ውስጥ ተስቦ ይዟቸው ራሳቸውን ስተው ሳለ ልጃቸውን ከሰፋሪዎች ጋር በመኪና ጭነው ወደ ጳዌ ወሰዷት። ሸዋዬ ትባላለች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተሽሏቸው ሲነሡ ድንኳኑ ባዶ ነበር። በእግራቸው እዚህ ባሕር ዳር ድረስ መጡ። የሚያድሩት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ጳዌ ለመሄድ ይለፍ ያስፈልጋል፤ ይለፉ ላይ ደግሞ የመንደሩ ቁጥር መጻፍ አለበት። የጳዌ መንደሮች ስም የላቸውም። ቁጥር ብቻ።

«ዛሬስ ወጣች፣ ልጄ?»

«ቅጿ ገና አልደረሰኝም፣ እማማ።»

«ግድ የለም። ነገ እመለሳለሁ።»

ረቡዕ፣ ጥር 7

መጡ። የለችም አልኋቸው። ሁለት ሎሚ ሰጥተውኝ፣ ረቡዕ ረቡዕ እመጣለሁ ብለው ሄዱ። ከየት አምጥተው ይሆን?

አርብ፣ ጥር 16

አስናቀ መለዋወጫ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል። ለአንድ ወር ግድም። ግልባጩን ብቻዬን ሠራሁ። መጀመሪያ በቴፑ ላይ የነበረውን የድሮውን አጠፋሁ፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ከዚያ ፊደሎቹን ጻፍሁ። ወዲያው አለቀ። ሌላ ጊዜ እየዘረዘረ ወረቀት ይጨርስ ነበር፤ ዛሬ ዝም አለ። ስሕተት ቢኖር ይናገራል። አልተናገረም።

ከሐይቁ ዳር በኩል አድርጌ ወደ ፋሲሎ ሰፈር ወጣሁ። ደንገል የጫነ ታንኳ እየገባ ነበር። ቆሜ አየሁት። ደስ የሚል አርብ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ጓድ ቢያዝን፣ አለቃችን፣ የገቡትን ቅጾች አቃጥሉ አሉ። መጋዘኑ ለሌላ ዕቃ ይፈለጋል። «ማሽኑ ይዞት የለም ወይ? ወረቀት ለምስጥ ነው የምናስቀምጠው?» የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርሁም። እንዲያውም ክፍሉ ሰፋልኝ አልሁ በልቤ።

አርብ፣ ጥር 23

ሁለት ቴፕ በየተራ ነው የምንጠቀመው፤ ዛሬ ሁለተኛውን አጥፍቼ ገለበጥሁ። አሁንም ቶሎ አለቀ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አገኘኋት። ሸዋዬ፣ ዕድሜ 15፣ የትውልድ ቦታ በለሳ፣ የእናት ስም የብርጓል። ከምሳ በፊት ነው። ቅጹ ላይ አንዴ፣ ማሽኑ ላይ አንዴ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ልቤ ዘለለ። እጄ ግን እንደ ልማዱ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ከሰዓት በኋላ ቅጾቹን ወስደው አቃጠሉ። ነገ ረቡዕ ነው፤ እማማ ሲመጡ ከማሽኑ አትሜ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ፊታቸውን ለማየት ቸኮልሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ውስጥ ብረት በብረት ሲፋቅ ተሰማ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ... ስሞቹን ሁሉ የያዘው ዲስክ አበቃለት።

እማማ አራት ሰዓት ላይ መጡ።

«አለች፣ እማማ። በሕይወት አለች። ጳዌ ናት።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። መሬቱን ሳሙ። ቁጥሩን ሲጠይቁኝ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ግልባጩ ግን ቴፕ ላይ አለ፣ ሰውየው ሲመለስ ያወጣዋል አልኋቸው። ቴፕ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። አመኑኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አስናቀ ተመለሰ። አዲስ ዲስክ ይዟል። ቴፑን አስገባ። ባዶ። ሁለተኛውን አስገባ። እሱም ባዶ።

ማሽኑ የምንጽፍለትን ሁሉ የሚያትምበትን ጥቅል ወረቀት አነሣና እየዘረጋ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመረ። ጥር 30 ላይ ቆመ። ጥር 23። ጥር 16። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«አገርነሽ፣ አርብ አርብ እንዴት ነበር የምትጽፊው?»

«ሲ፣ ኤፍ፣ ቪ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ ገባኝ። ኤፍ ከኋላዋ ያገኘችው ቪን ነው። ስም ነው ብላ ወሰደቻት። ማሽኑም ቪ የሚባል ነገር እዚያው ዲስኩ ላይ ፈጥሮ አሥራ አራት ሺህ ሰው እዚያ ውስጥ አስገባ። እሱም ከዲስኩ ጋር ጠፋ። ቴፑ ጋ ምንም አልደረሰም። ዝርዝር ንገረኝ የምትለዋ ፊደል ስለጠፋችም ዝም አለ። በሦስት አርብ ሁለቱንም ቴፕ በገዛ እጄ አጥፍቼ ምንም አልጻፍሁባቸውም።

ወረቀቱን ቀደደና ኪሱ ከተተው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ስብሰባ። ጓድ ቢያዝን «አሻጥር» የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ አሉ። ቅጾቹን ማን አስቃጠለ ብሎ የጠየቀ የለም። አስናቀ ተነሣና «ፕሮግራሙን የቀየርሁት እኔ ነኝ። በደንብ አላስተማርሁም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አፌ አልተከፈተም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

እማማ መጡ። ሰውየው ተመለሰ ወይ አሉኝ። ተመልሶ ሄደ አልሁ። ቁጥሩስ?

ቁጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት? ሃያ አንድ? አንድ እና ሁለት እንደነበሩበት ትዝ ይለኛል... ወይስ እየፈጠርሁት ነው? በቀን ሁለት መቶ ቁጥር የሚጽፍ ሰው የትኛውን ያስታውሳል? እሱን አንዱን ግን እንዴት በቁራጭ ወረቀት አልያዝሁትም?

ሁለቱንም ነገርኋቸው። ይለፍ ሰጪው ጋ ሄዱ። «ሁለት ቁጥር አይጻፍም» ብሎ መለሳቸው።

አርብ፣ የካቲት 21

የአስናቀ ሚስት ፅጌ ማርያም ኮቱን ልትወስድ መጣች። «ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት።

አላውቅም አልኋት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሄድሁ። አስናቀ ከታሰረበት ደጅ ሦስት ሰዓት ካቆሙኝ በኋላ አስገቡኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ከኔ አይበልጥም። ሁሉንም ነገርሁት። ፊደሎቹን በወረቀት ጽፌ አሳየሁት፤ ይቺ እዚህ፣ ይቺ እዚያ መሆን ነበረባት አልሁ። ብዙ አየው።

«እሱ እኔ ነኝ ብሏል። አንቺም እኔ ነኝ ትያለሽ። ማሽኑን ጠርቼ ልጠይቀው?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ አስተምሮኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«በአንዲት ፊደል ቦታ ይሄ ሁሉ ሰው ይጠፋል ብዬ ለበላዮቼ ልጻፍ?»

«አዎ» አልሁት።

ጻፈ። አስፈረመኝና ሂጂ፣ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን አለኝ። ስወጣ ዋርካው ሥር ተቀመጥሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

አስናቀን ለቀቁት። ቤቱ ሄድሁ። ከስቷል። ግራ እጁን አያነሣውም። ፅጌ ማርያም በር ከፍታልኝ ሳታናግረኝ ወደ ውስጥ ገባች። ልክ ናት።

«እንዳትናገሪ ብዬሽ ነበር» አለኝ።

«አልቻልሁም።»

«አሥራ አንድ ቀን ችለሽ ነበር።»

ለመጉዳት ብሎ አይመስለኝም። የቆጠረውን ነው የነገረኝ። ወደዚያ ክፍል አልመለስም አለ። ከሥራም አስወጥተውታል።

እኔ ቅጣቴ ታወቀ። ጳዌ ሄጄ ስሞቹን እንደገና መመዝገብ። በእጅ፣ በመዝገብ፣ መንደር በመንደር። ቅጣት ይበሉት እንጂ ባይልኩኝም እለምናቸው ነበር።

እማማ አብረውኝ ይሂዱ ብዬ ጠየቅሁ። በመንግሥት መኪና አይቻልም ተባልሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ ከዚያ ወደ ቆላው። ሙቀቱ ያፍናል። መንደር አንድ ደረስን። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በመሥመር የቆሙ የሣር ጎጆዎች። በአሥራ ሁለት ጀምሬ ወደ ሃያ አንድ ልሂድ ብዬ ለመንሁ። በቁጥር ቅደም ተከተል ነው የምንሄደው አሉኝ።

አርብ፣ መጋቢት 26

መንደር ስምንት። ወባ ያልገባበት ቤት የለም። ስም ስጠይቅ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የሞተባቸውን ነው። በሕይወት ያሉትን ብቻ ነው የምመዘግበው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ሁሉንም እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

መንደር አሥራ ሁለት። ሦስት ሸዋዬ አገኘሁ። አንዷ አሮጊት፣ አንዷ የልጆች እናት፣ አንዷ ሕፃን። የኛዋ የለችም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

መንደር ሃያ አንድ።

ወለላ የምትባል የላስታ ሴት የሸዋዬን ስም ስጠራ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቷ ነሽ? አይ፣ ልጅ ነሽ» አለች።

ሸዋዬ መጋቢት 20 ቀን ሞታለች። ወባ። አራት ቀን ነው የታመመችው። ጎረቤቷ ወለላ ነች ውኃ ያቀመሰቻት፣ ዓይኗንም የከደነቻት።

«እናቴ ትመጣለች እያለች መኪና በመጣ ቁጥር ትወጣ ነበር። አትመጣም ብለን አንድም ቀን አልነገርናትም።»

መጋቢት 20። የካቲት 5 ቁጥሩን ብሰጣቸው ኖሮ እማማ ከመጋቢት በፊት ይደርሱ ነበር። ወር ሙሉ አብረዋት ይሆኑ ነበር። ምናልባት አትሞትም ነበር... ብትሞትም ብቻዋን አትሞትም ነበር።

መዝገቡን ከፍቼ ስሟን ጻፍሁ። ፊደሉ ልክ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ባሕር ዳር። ከቅዳሴ በኋላ እማማን ጊዮርጊስ ግቢ አገኘኋቸው። ፊቴን አይተው አወቁ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«መቼ?»

«መጋቢት ሃያ።»

«ማን ነበራት?»

ስለ ወለላ ነገርኋቸው። ከዚያ የቀረውንም ነገርኋቸው። ስለ ፊደሎቹ፣ ስለ ቴፑ፣ ቁጥሩን በዓይኔ አይቼ እንዳለፍሁት። ይጥሉኝ ይሆናል፣ ይርገሙኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ምናልባትም እንዲያ እንዲያደርጉ ፈልጌ ይሆናል።

«ፊደል አልቆጠርሁም፣ ልጄ። የምትይውን አላውቀውም» አሉ። «አውቀሽ ነው?»

«አላወቅሁም ነበር።»

ደወል ተደወለ። ሰው ሁሉ ከግቢው ወጣ።

«እኔም ሲጭኗት ተኝቼ ነበር» አሉ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። አልጠየቅኋቸውም። ሲነሡ ግን ክንዴን ይዘው ነው የተነሡት።

«አሁን ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ውሰጂኝ።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ይለፉን አወጣሁላቸው። ጓድ ቢያዝን ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩኝም። የቀሩትን መንደሮች ለመመዝገብ ሐሙስ ስወርድ እማማ አብረውኝ ወረዱ፤ በዚህኛው ጊዜ የከለከለ አልነበረም።

ወለላ መቃብሩን አሳየቻቸው። ከቦይ ማዶ ነው፤ ዝናብ ስለጀመረ ሣር ወርሶታል። እማማ አላለቀሱም። አፈሩን በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ ዙሪያውን ሄዱ፣ የተኛ ሰው ብርድ እንዳይገባው እንደሚደረገው። ከዚያ የሸዋዬን ጎጆ ውስጡን አዩ። መደቧ አለ። ሰው አልገባበትም።

«እኔን እዚህ ጻፊኝ» አሉ።

«እማማ፣ ቆላ ነው። ወባው...»

«ጻፊኝ።»

ጻፍኋቸው።

ዛሬ ጠዋት መኪናው ወደሚቀጥለው መንደር ሲነሣ ልሰናበታቸው ወደ መቃብሩ ሄድሁ። ጎንበስ ብለው ሣሩን ይነቅሉ ነበር። ሂጂ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መኪናው ላይ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። መዝገቡን አስቀመጥሁበት።