ሳልመርቅ የተባለ አሜን

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰርክአዲስ፣

አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴና ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ መድኃኒቴንም እየዋጥኩ ነው። ሰሞኑን ብርዱ በርትቷል። ገብሱ ግን ዘንድሮ ደህና ነው ይላሉ።

ስልክ እያለ ወረቀት መያዜ ይገርምሽ ይሆናል። ድምፅ ማመን አቃተኝ፣ ልጄ። ጎረቤታችን ዘሀራ፣ ኮምፒውተር የሰው ድምፅ አስመስሎ እንደሚናገር በራዲዮ ከሰማች ወዲህ፣ ልጇ ከሪም ከወልድያ ሲደውልላት «መጀመሪያ አባትህ የሸጣት በቅሎ ምን መልክ ነበረች?» ትለዋለች። ልጁ «ኧረ እማ፣ እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!» እያለ ይምላል። ሱቋ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

አሁን ስለ ወንድምሽ ላንሣ። መልሰው ያለበት ጅማ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ መደወል አልቻለም፣ በቴሌግራም ድምፁን ይልክልሻል አልሽኝ። መጣልኝ። ድምፁ የራሱ ነው፤ «እማዬ» ሲል ጎተት የሚያደርጋት ነገር እንኳ አልጎደለችም። ግን የእኔ መልሰው፣ መድኃኒትሽን ረሳሽ ብሎ ሳይቆጣኝ፣ ሳልመርቀውም ስልክ ዘግቶ አያውቅም። እኔ ስመርቅ እሱ በየመሀሉ «አሜን» ይል ነበር። ይኼኛው አይቆጣም። ብመርቀውም ዝም ነው። ቅሬታዬን ላንቺ ብቻ ነገርኩሽ፤ «ወንድምሽ አሜን ማለት ተወ» አልኩሽ። በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣ፤ «አሜን፣ እማዬ፣ አሜን» ብሎ ጀመረ። እኔ ገና አንድ ቃል ሳልመርቀው!

ያኔ ገባኝ። አክስትሽ ባንቺ ደጄ ስትደርስ ጥቁር ሻሿን ለምን እንደምታወልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዉ «መልሰው ደወለ ወይ?» ማለት ለምን እንደተወ፣ ሁሉም ገባኝ።

አልተቀየምኩሽም። ግፊቷ እስኪበርድ ብለሽ ነው፤ መርዶም እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ግን ደክሞኛል፣ ልጄ። ባንቺ ምንም እንዳልሆነ ትሆናለች፣ እኔም እንዳልገባኝ እሆናለሁ። ካላረዳችሁኝ እንዴት ላልቅስ? ታሞ ይሁን መኪና ጥሎት፣ የት እንዳረፈም አላውቅም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ድምፅ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ እከፍተዋለሁ። ትናንት ሳይጠይቀኝ «ዋጥኩ፣ ልጄ» ብዬ መለስኩለት። እየለመድኩት ነው። የልጄን ቁጣ ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ የዚያ የጨዋው ድምፅ ሆኗል። ልጄን ሁለተኛ እንዳላጣው ፈራሁ።

ስለዚህ ነይ። አጎትሽን አማረንና የንስሐ አባቴን ይዘሽ በማለዳ ግቢ። በወጉ አርዱኝ፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው ቁጭ ብዬ እሰማችኋለሁ።

መንገዱን ያቅናልሽ። ክፉ አይንካሽ። የወንድምሽን ቀሪ ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ይኼን አሜን የምትይልኝ ግን እዚሁ መጥተሽ፣ በራስሽ አፍ ነው።

እናትሽ ቦሰና