ከመስኮቴ ላይ ያወረድኩት ወረቀት

ሰኞ

ወረቀቱን አወረድኩት። በገዛ እጄ የለጠፍኩትን በገዛ እጄ። ፕላስተሩ ከነቀለሙ ተነሣ፤ ከካርድ ክፍሉ መስኮት በላይ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀረ።

ጠዋት እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ለጤና ጣቢያችን ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ነበር። ልጄ ከወልድያ የላከችልኝን ነጭ ሸራ ጫማ አደረግሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ አዩልኝ። ብስኩትም ነበር። አሠልጣኟ የሕግ ባለሙያ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም፤ ስትናገር አትቸኩልም። በድሮው የወንጀል ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ እንኳ ያስቀጣ ነበር አለች። ያ ተሽሯል። ጽንስ ማቋረጥንም ቢሆን አዲሱ ሕግ እንዲሁ ልቅ አላደረገውም፤ ግን ተደፍራ ላረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም። ይህ ከወጣም ሃያ ዓመት ሆኖታል።

ሃያ ዓመት ስትል ሳቅሁ። ከዚያ የነከስኩትን ብስኩት ሳህኑ ላይ መለስኩት።

የኔ መስኮት ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ለእርግዝና መከላከያ የባል ፊርማ፣ ለጽንስ ማቋረጥ የፖሊስ ደብዳቤ ያላቀረበች አትስተናገድም።» ማን እንደጻፈው አላውቅም። ስቀጠር ነበረ። ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር ግን በዚያች በምትመሰገነው የእጅ ጽሑፌ አዲስ ወረቀት ላይ እገለብጠዋለሁ። ሦስቴ ገልብጬዋለሁ። ገልብጪ ያለኝ የለም።

ያለፈው ሐሙስ የመጣችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

ማክሰኞ

ስለ ልጅቱ ልጻፍ፣ አለዚያ አያስቀምጠኝም።

ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ በእግሯ የመጣች ናት። አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ስሟን ትርፌ አለችኝ። አክስቷ አብራት ነበረች፣ ፍየል ነጋዴ፣ በጣም ረጅም ሴት። ልጅቱ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብላ በኽምጣኛ፣ በግድ ነው አለችኝ። ሁለት ወር አልፎኛል አለችኝ። ኽምጣኛ እኮ የእናቴ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። በአማርኛ መለስኩላት። ለምን ብባል፣ ቢሮ ስለሆነ ነው የምለው።

«የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣሽ ካርድ አላወጣልሽም።»

አክስቷ ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ እንዳነበበ ሰው አንገቷን ደፋች። ሄዱ። ካርድ ስላላወጣሁላት ስልኳ የለኝ፣ ቀበሌዋን አላውቅ።

ለሲስተር አበባ ነገርኳት። ከኔ በፊት ጀምሮ እዚህ የምትሠራ ነርስ ናት፤ በድሮ ጊዜ የመከላከያ ኪኒን በጥጥ ጠቅልላ በስውር ትሰጥ የነበረች። በጣቶቿ ቆጠረች። እኛ ጋ የሚሠራው እስከ ሦስት ወር ነው፤ ካለፈ ሆስፒታል።

«ብቻ ሌላ ቦታ አትሂድ» አለች።

ሌላ ቦታ የምትለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አምና ከእንዲህ ያለ ቦታ በቃሬዛ ያመጧትን ሴት ካርድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርዱን የዘጋሁትም በዚያው ቀን ነው።

ረቡዕ

ኃላፊያችን ባዶውን ግድግዳ አየ። ከደብረ ማርቆስ የተመደበ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን ፈሪ ነው።

«እትዬ ብርቄ፣ ማን አወረደው?»

«እኔ።»

«ደግ አድርገዋል። አዲሱን ለመለጠፍ ግን ከበላይ ደብዳቤ ይምጣልን።»

ደብዳቤ አያስፈልግም ብሎ ለመለጠፍ ደብዳቤ። ሲስተር አበባ ኮሪደሩ ላይ እስክትንበረከክ ሳቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምስቀው።

ሐሙስ

ዛሬ ሳምንት ሆናት። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። ሦስተኛ ልጄን እንደወለድኩ መከላከያ ፈልጌ እዚሁ መስኮት መጥቼ ነበር፤ ያኔ ወረቀቱ የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ነበር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልፈርምም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ወንድሞቹ ይስቁብኛል ብሎ ነው። ፊርማውን ከዕድር ደብተር ላይ አይቼ ለመድኩት። በልጆቹ ደብተር ጀርባ ሁለት ቀን ተለማምጄ ፈረምኩ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ስድስት ይሆኑ ነበር። እሱ ማኅፀኗን እግዜር ዘጋው እያለ ሞተ።

ከዚያ እኔው እዚያ መስኮት ላይ ተቀመጥኩና የሌሎችን ሴቶች የባል ፊርማ ተቀበልኩ። ስንቱ ፊርማ የሴቶቹ የራሳቸው እንደነበር አውቃለሁ። ተለማምደው የጻፉት መሆኑን አያለሁ፣ አይቼ እንዳላየሁ አሳልፋለሁ። እንዲያውም ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም እንደኔ አስመስሎ ይፈርማል ብዬ ነው መሰለኝ ወረቀቱ ያልከበደኝ። ያቺ ልጅ ግን የማንን ፊርማ ታስመስል? የፖሊስ ማኅተም ከየት ታምጣ?

ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። ዘንቢል ይዤ እንደ ሸማች፤ ምንም አልገዛሁም። ፍየል ተራ ገብቼ ነጭ ጫማዬ አፈርና የፍየል በጠጥ ሆነ።

አክስትየዋን በቁመቷ አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ። ፍየሏን ይዛ ፊቷን አዞረች። በኽምጣኛ ሰላም አልኳት።

«ያኔ አማራ ነበሩ» አለችኝ፣ «ዛሬ ቋንቋ መጣልዎ?»

ልክ ናት። ልጅቱ ደብዳቤ ማምጣት የለባትም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ትምጣ አልኳት። ፍየሏን ለጎረቤቷ ነጋዴ አስያዘች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እዚያ እኛ ጋ የፖሊስ ወረቀቱን የሚጽፈው ማን መሰለዎ? የታጠቀው ራሱ ነው። የደፈራት እሱ ነው። ሂጂና ከሱ አምጪ አሏት እኮ።»

ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።

ልጅቱ የት እንዳለች አልነገረችኝም። አላመነችኝም፣ እኔም ብሆን አላምንም። «ሰው እልካለሁ» ብቻ አለች። አንዲት ሴት መድኃኒት እሰጣታለሁ ብላ ቀጠሮ ይዛላታለች። መቼ ስላት፣ «በዚህ ሳምንት» አለች። የሲስተር አበባን ስም አስይዤ፣ ማንም ቢከለክላት ብርቄን ጥሩልኝ ትበል ብዬ ተለያየን።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ። የንስሐ አባቴን ላናግራቸው ቀረብኩ፣ ሰላም ብዬ ተመለስኩ። የሚሉትን አውቀዋለሁ። ጽንስም ነፍስ ነው ይላሉ፣ እኔም ቀላል ነገር ነው አልልም። ግን ልጅቱን ያን ቀን ስመልሳት ለነፍስ ብዬ አልነበረም። ለወረቀት ብዬ ነው።

ማክሰኞ

አልመጣችም። ትናንትም አልመጣችም።

የበላይ ደብዳቤም አልመጣም። እኔ አንድ ወረቀት ቆርጬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፦ «ደብዳቤም የባል ፊርማም አንጠይቅም። ይግቡ።» ማኅተም የለውም። ኃላፊው አይቶ አለፈ። ስመለከተው ኪሱን እየደባበሰ እስክሪብቶ የጠፋው ሰው መሰለ። እግዜር ይስጠው፣ አላየሁም ማለትም አንድ ነገር ነው።

አንዲት ሴት አንብባ፣ «እውነት ነው ወይስ ቀልድ?» አለችኝ። ገባች። የመከላከያ መርፌዋን ተወግታ እየሳቀች ወጣች። ደስ አለኝ፣ ለትንሽ ጊዜ።

ሐሙስ

መጣች።

ብቻዋን፣ እግሯ ጉልበቷ ድረስ አቧራ ሆኖ። አራት ሰዓት ገደማ መስኮቱ ጋ መጥታ ቆመች። ቀድሜ በኽምጣኛ፣ ልጄ ግቢ አልኳት። ያቺ ሴትዮ ጋ ሄደሽ ነበር ወይ አልኳት። «አልሄድኩም። እርስዎ ፍየል ተራ ድረስ መጡ አለችኝ አክስቴ» አለችኝ። ካርድ አወጣሁላት። ምንም ሳልጠይቅ፣ ስሟን ብቻ። ትርፌ።

ሲስተር አበባ ይዛት ገባች። ቆየች። ስትወጣ ፊቷን አይቼ ገባኝ።

«በቀናት አልፏል፣ ብርቄ። ያን ጊዜ ብትገባ እኛው እንጨርሰው ነበር።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የመላኪያውን ወረቀት ጻፈች፤ ልጅቱን ይዣት በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ፦ ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ቃሏ ይበቃል፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ብትፈልጉ የሕግ ባለሙያዋን እጠራለሁ። የካርድ ክፍሏ ሴት የኔ እኩያ ናት፣ ያው እንደኔ አንገቷ ላይ ሻሽ። አፌን ልከፍት ስል፣

«ስም?» አለች።

ሌላ ምንም የለም። ስም ብቻ።

ልጅቱ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። ትርፌ አይደለም። እኔን ፈርታ የሰጠችኝ ስም ነበር። እውነተኛውን እዚህ አልጽፈውም።

ሐኪሙ አያት። ቀጠሮዋ ነገ ጠዋት ነው። እርግዝናው ከፍ ስላለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ትተኛለች ብሏል። እሺ አለች። ሐሳብሽን ብትቀይሪም ማንም አይቆጣሽም አልኳት።

አሁን ቤቴ ናት። እራት እስኪደርስ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የኔን ነጭ ጫማ በሳሙና እያሸች ነው። የፍየል ተራው እድፍ አለቀቀም። ተይው፣ አይለቅም ብላት፣ ቀና ሳትል፣ «ትንሽ ይቆዩ» አለችኝ።