የአባባ አዝመራው የጂኒ ፊልም

ደሳለው ወንድሜ፣

እዚህ እስራኤል፣ ሽኩና ዳሌት በሚሉት ሰፈር አባባ አዝመራውን አገኘኋቸው፤ ለአባቶቻችን ማረሻ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ። ከነልጅ ልጃቸው ቁጭ ብለን የቱርክ አስፈሪ ፊልም አየን። የመንደሩ ልጅ በታመመ ቁጥር ከሌላ አገር የመጣችውን መበለት «ጂኒ የምትልክብን አንቺ ነሽ» እያሉ ይደበድቧታል። እኔም አላስችል አለኝና «ይህ የእስላሞች ተረት ነው፤ የተማረ ሰው አያየውም!» ብዬ ተቆጣሁ።

የልጅ ልጃቸው ኦርታል ሳቀች። «ሴሬት ነው እኮ ጋሼ፣ ፊልም! ፈራህ እንዴ?»

አባባ ግን አልሳቁም። «እኔ በደጃችሁ ሳልፍ እናትህ ፊትህን በነጠላ ትሸፍን የነበረው ለምን ነበር? ቡዳ ነው ብላ አይደለም?»

ክው አልሁ። በእሳቸው ማረሻ የታረሰ እህል በልቼ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ይቅርታ ልላቸው ብድግ አልሁ። «ተቀመጥ፣ ገና አላለቀም» አሉኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ዘርፌን ሳምልኝ፤ ጉልበቷ ተሻላት? ደግሞ ዛሬውኑ ልጄ ቤት ሂድና የቡዳውን ክታብ ከሕፃኑ አንገት ፍታልኝ። ያሠርሁለት እኔው ነኝ።

ጥጋቡ