መፍተል እንቢ ያሉት ትሎቼ

ለውድ ወንድሜ ለትራሲ፤

እንደምን ከርመሃል? የሽቱትጋርት ብርድ ወገብህን ለቀቀልህ? ባለቤትህ ኡርሱላስ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከዚህ ክፉ ጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው።

እንደምታውቀው የሐር ትሎቼ አራተኛ ቆዳቸውን ጥለው ሲያበቁ ሐር መፍተያቸው ስምንት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ስምንተኛው ቀን መጣ፣ ዐሥራ አምስተኛውም አለፈ፤ መፍተል የለም! ጣቴን አክለው ይበላሉ። እኔም በምራቴ በዛፊሮ ላይ ተነሣሁ። ዓይኗ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ይበላል ይባላል፤ በዚያ ላይ እንትፍ እንትፍ ሳትል "ውይ እማዬ፣ እንዴት ያምራሉ!" ብላ ነበር። "ዓይንሽ ነው የበላቸው፤ ውጪልኝ!" አልኳት። እሷም ዘግይተው የተፈለፈሉትን አንድ ገበታ ትል አንሥታ፣ "እነዚህን አሳድጌ አሳይዎታለሁ" ብላኝ እናቷ ቤት ገባች። ልጄ ፓስካሊስም ተከትሏት ሄደ። ቤቱ ጭር አለብኝ።

ያን ሰሞን ነው የደወልክልኝ። "እታለም፣ የሚበሉትን የእንጆሪ ቅጠል ከየት ነው የቀጠፍሽው?" ስትለኝ ተቆጣሁህ፤ ዓይን ነው ስልህ ስለ ቅጠል ትጠይቀኛለህ! አንተ ግን ታግሠህ አስረዳኸኝ። በትሉ ውስጥ "ገና ልጅ ነህ፣ ብላ" የሚል ሆርሞን አለ፤ ትሉ አድጎ ሲበቃ ያ ይነጥፋል፣ ያኔ ሌላው ሆርሞን "በቃህ፣ ፍተልና ተለወጥ" ይለዋል። ለፖም ተባይ የሚረጨው አዲሱ መድኃኒት ያንን የልጅነቱን ሆርሞን ስለሚመስል፣ ከቅጠል ጋር የበላው ትል ልጅነቱ አያልቅለትም አልከኝ። ያኔ ገባኝ። ጉልበቴን ፈርቼ፣ የወንዝ ዳሩን እንጆሪ ትቼ፣ ከጎረቤት የፖም እርሻ አጥር ሥር ካለው እንጆሪ የቀጠፍኩት እኔው ነኝ! ዛፊሮ "እኔ ወንዝ ልውረድልዎ" ስትለኝ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" ብያት ነበር።

እሑድ እናቷ ቤት ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። "ልጄ፣ ያንቺ ዓይን አይደለም፤ የኔ እጅ ነው" አልኳት። እሷም ገበታውን አወጣችልኝ። የወንዝ ዳር ቅጠል የበሉት ሁሉ ፈትለዋል፤ ነጭ በነጭ! እንባዬ መጣ። "ውይ፣ እንዴት ያምራሉ!" ብዬ አላበቃሁም፣ "እንትፍ ይበሉ እንጂ እማዬ፣ ዓይንዎ እንዳይበላቸው!" አለችኝ። ተቃቅፈን ሳቅን። የትል ቤቱን ቁልፍ እዚያው እጇ ላይ አኖርኩት።

ስለ ትንንሽ ነፍሳት ስትማር እናታችን "በዝንብ ትምህርት ማን ይበላል?" ትልህ ነበር። እኔ በላሁበት፤ ልጆቼን መለሰልኝ፣ ተባረክ። ስድሳ ስምንት ዓመት ስበላ ኖሬ ገና ዘንድሮ አደግሁ።

ኡርሱላን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። ፓስካሊስ ሰላም ይልሃል። ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን ሦስት የሐር ጎጆዎች የመረጠችልህ ዛፊሮ ናት።

እኅትህ ስታማቲያ
ሱፍሊ፣ ጁን 20 ቀን 1993