እጇ እስኪደርስ

ጥቅምት 6

ቀኑ እንደ ወትሮው። ፊቱ የተሰነጠቀ አንድ ጊታር በኮላ አጣበቅሁ፣ የሌሎች ሁለት ጊታሮችን ክር ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ መጣች። ከታመመች ወዲህ ብቻዋን ወደ ሱቄ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ስትሮኩ እግሯንም ምላሷንም ምሯል። ቀኝ እጇን ግን አልማረም።

ጊታሯን ይዛ ተቀምጣ አንድ ዜማ ጀመረች። ግራ እጇ እንደ ድሮው ነው፣ አንገቱን ከሚከፋፍሉት ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ መሃል ቦታውን ሳያይ ያገኘዋል። ችግሩ ቀኙ። አንዱን ክር ነክቶ ወደሚቀጥለው እስኪሻገር የፊተኛው ድምፅ አልቋል። ዜማው ጥርሱ እንደ ረገፈ አፍ... ክፍተት በክፍተት።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

"ሳንባም ሰምቷል።"

ሳንባ የምንለው አኮርዲዮን ተጫዋቹን ነው፤ እትዬ ጊታር የምትጫወትበት ባንድ መሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴሉ አዳራሽ ይጫወታሉ። "እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መፈለጌ ነው" ብሏታል። አልተቀየመችውም። "እውነቱን እኮ ነው" ትላለች። ይህን ስትል ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

እጇን ማፍጠን አልችልም። ድምፁን ማቆየትስ? እሱ የእኔ ሥራ አይደል?

ጥቅምት 9

ክሩን የምትነካው በስሱ ነው። ስለዚህ ድምፁ ጎላ ቢልላት ብዬ፣ ክሮቹ ከታች በታሰሩበት ድልድይ ላይ የሚያርፉባትን አጥንት ከፍ ባለች ቀየርኳት። የጊታሩ ሳጥን ጮኸ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 11

ደስታዬ ለሁለት ቀን ነበር።

እትዬ ወደ ቤታችን መጥታ ሞከረችው። ጮኸና ጠፋ። ከበፊቱም ቶሎ። ለባለቤቴ "ልክ እንደ ታላቅ ወንድምሽ ነው" አለቻት፤ "ከበር ጀምሮ ይጮሃል፣ ሳይቀመጥ ይወጣል።" ባለቤቴ እስኪያስላት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ክሩ ያለው ጉልበት አንድ ነው። ሳጥኑ ሁሉንም በአንዴ ካወጣው ለኋላ ምን ይተርፋል? ለደንበኛ ስንት ጊዜ ያስረዳሁትን ነገር ለእህቴ ሲሆን ረሳሁት። አጥንቷን መለስኩ። ጩኸት ይቅር፤ ዕድሜ ነው የምፈልገው።

ጥቅምት 15

ዛሬ ትንንሹን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ። የአጥንቷን ሥር በእርሳስ ቀብቼ ቦታዋ ላይ ጫንኳት። የእርሳሱ ምልክት ቦታዋ ላይ የቀረው በሁለቱ ጫፍ ብቻ። መሃሏ አየር ላይ ነው! የክሩ ጉልበት እዚያ ይባክናል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ እስክትስተካከል ፈገፈግኳት።

አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውም አጥንት እንዲሁ። ክሩ በፍሬቱ በኩል ባለው ጠርዟ ላይ ነበር ጠበቅ ብሎ ማረፍ ያለበት። ክሩ የሚገባበት ቦይ ስለ ሰፋ ክሩ ውስጡ ይንገላታል። አዲስ ቀረጽኩ። ከቦታው ትንሽ የተነሳ አንድ ፍሬትም አገኘሁ፤ አጣብቄ በሞርሳ አሰርኩት።

ኅዳር 2

ድምፁ ጥቂት ረዘመ። እጇ ግን አሁንም መንገድ ላይ ይቀራል።

ኅዳር 8

ሳንባ ሱቅ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ የተበተነውን አይቶ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጊታር ነው ወይስ ደወል የምትሠራው?"

"ደወል ቢሆንልኝማ!"

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። "አንድ ሌላ ጊታር ተጫዋች ሰምቻለሁ። ጎበዝ ነው።"

"ጥሩ።"

"ምን ጥሩ አለው? እኔ የለመድኩት እሷን ነው። ግን ለእሷ ብዬ እኔ ዝም ብል አዳራሹ ዝም አይልም።"

ልክ ነው። ተናድጄ ነበር የዋልኩት... ለምን? ልክ ስለሆነ ይሆናል።

ኅዳር 14

እትዬ ቤት። ስትለማመድ ደከማትና የጊታሩን ራስ ቁም ሳጥኑ ላይ አስደገፈችው። እንደዚያው ሆና አንድ ክር ነካች። ድምፁ... ቆየ።

"እንዳትንቀሳቀሺ!"

"ምን ሆንክ? እባብ አየህ?"

ራሱን ከቁም ሳጥኑ አላቅቄ አስመታኋት፤ ሞተ። መልሼ አስደገፍኩት፤ ቆየ። ደግሜ ደጋግሜ። በመጨረሻ "እኔ ነኝ በሽተኛዋ ወይስ አንተ?" አለችኝ።

ገባኝ። ድምፁን የሚበላው አንገቱ ነው። አንገቱን ደግሞ እንዲህ ያደረግሁት እኔው። ሰኔ ላይ ከሆስፒታል ስትወጣ ትከሻዋን እንዳይጫናት ብዬ የአንገቱን ጀርባ በመላጊያ አሳሳሁት፣ ራሱን ቦረቦርኩት፣ ከባዶቹን መቃኛዎች በቀላል ለወጥኩ። እንደ ላባ ሆነልኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። የሳሳ አንገት ከክሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ የያዘውን ይቀማዋል። አዘንኩላት ብዬ...

ኅዳር 15

ነገርኳት።

"እና ምን ይሻላል?"

"ክብደቱን መመለስ።"

"ትከሻዬስ?"

"ጊታሩን ወንበሩ ይሸከመው። የእንጨት ደጋፊ እሠራልሻለሁ።"

"ይህን ሰኔ ላይ ብታስበው ምን ነበረበት?"

ዛሬውኑ ጀመርኩ።

ኅዳር 27

ጠንካራ እንጨት በአንገቱ ጀርባ ለጥፌ ቀረጽኩ። ከባዶቹ መቃኛዎች ተመለሱ። ለክብደት ራሱ ላይ ትንሽ ሞርሳ እያሰርኩ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ። ወደ ጫፍ ስወስደው አንዱ ድምፅ ይድናል፣ ሌላው ይታመማል። ወደ ውስጥ ስመልሰው ደግሞ በተራው። አንገት ሁሉ አንድ የሚታመምበት ቦታ አያጣም። ማጥፋት አይቻልም፤ ማዛወር ነው የሚቻለው።

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጥታ ሞርሳውን አየችና፣ "ጉትቻ ነው?" አለች።

ታኅሣሥ 5

ተገኘ! ሞርሳው በነበረበት ቦታ፣ ከራሱ ጀርባ፣ ትንሽ ነሐስ በብሎን አሰርኩ። ሕመሙ እትዬ ጨርሶ ወደማትሄድበት ቦታ ሸሸ፤ ሳጥኑ አጠገብ ወዳሉት ፍሬቶች። እዚያ ይኑር።

ታኅሣሥ 24

ሆቴሉ አዳራሽ፣ ለልምምድ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ሳንባና ከበሮ መቺው ቦታቸውን ይዘዋል። ደጋፊውን ወንበሯ ላይ አሰርኩላትና ከኋላ ቆምኩ።

ዝግ ያለውን ዜማ መረጡ። መታች። እጇ ተነሳ... ድምፁ አለ። እየቀጠነ፣ ግን አለ። እጇ ተሻገረ፣ ወረደ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጭራ ላይ ተነሳ። አንድ ቦታ ላይ ዘገየች፤ ሳንባ ሳይሞላላት ጠበቃት። ድምፁም ጠበቃት።

ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። ሳንባ አኮርዲዮኑን ሳጥኑ ውስጥ እያስገባ፣ "ቅዳሜ እንዳታረፍጂ" አላት።

"መቼ አርፍጄ አውቃለሁ?"

"ሁልጊዜ።"

የካቲት 19

እትዬ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን ታለማምዳለች፤ ቅዳሜ ትጫወታለች። ስለ ጊታሩ ምንም ካላለችኝ ቆየች። ዝምታዋ ለእኔ ምስጋና ነው።

ሚያዝያ 3

ከምሳ በፊት መጣች። ኮስተር ብላ ጊታሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህን ነገር አሳጥርልኝ።"

"ምኑን?"

"ድምፁን ነዋ። ይደራረብብኛል። ሁለተኛውን ስመታ የመጀመሪያው ገና አልጠፋም።"

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ለፍቼ? "በመዳፍሽ አፍኚው" አልኳት።

"በየትኛው ጊዜ? እጄ ቀድሞ ሄዷል እኮ።"

ቀኝ እጇን አየሁ። ያልሰማሁ መስሏት ደገመችልኝ። "እጄ ቀድሞ ይሄዳል እያልኩህ ነው።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። ፈጣኑን ዜማ።

መፍቻ አነሳሁ። ነሐሱን ለማውለቅ ብሎኑን ጀመርኩ፤ መፍቻው አንዴ አመለጠኝ፣ ሁለተኛም አመለጠኝ።

"አንተ ደግሞ" አለችኝ እትዬ፣ "እጅህ ዘገየ።"